ማሳና ምድጃ በእበት ሲከራከሩ፦ የባዮጋዝ ትምህርት ለደጋ ገበሬዎች



የዛሬው ትምህርታችን ስለ እበት ነው። እበት ተብሎ እንዳይናቅ። በደጋው አገር ማሳና ምድጃ በእበት ምክንያት ዘወትር ይከራከራሉ።

ማሳው፣ «ከሳሁ፤ ጉልበቴ አለቀ። እበቱን ለእኔ ስጡኝና ገብሱን ልስጣችሁ» ይላል። ምድጃው ደግሞ፣ «እንጨቱ አልቋል፤ ልጆቹ በርዷቸዋል። እበቱን ለእኔ ስጡኝና ወጡን ላብስልላችሁ» ይላል።

ፈራጁ ማን ነው? እናንተ ናችሁ። በመንዝ፣ በጋይንት፣ በላስታና ዛፍ በተመናመነባቸው ሌሎች ደጋዎች ብዙውን ጊዜ የሚረታው ምድጃው ነው። እበቱ ተጠፍጥፎ ኩበት ይሆናል። ኩበቱ ይነዳል። ማሳው ባዶ እጁን ይመለሳል። ከዓመት ዓመትም አፈሩ እየሳሳ ይሄዳል።

ይህን ክርክር የሚያስታርቅ አንድ ዘዴ አለ። ባዮጋዝ ይባላል። እበቱ መጀመሪያ ለምድጃ እሳት ይሰጣል። ያው እበት ቀጥሎ ለማሳ ማዳበሪያ ይሆናል። ነገር ግን ባዮጋዝ ለሁሉም ቤት አይስማማም። ያለ ሂሳብ የቆፈረ ሰው ጉድጓድ እንጂ እሳት አያገኝም። ስለዚህ ዛሬ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ባዮጋዝ እንዴት እንደሚሠራ ነው። ሁለተኛው፣ ለቤታችን ይሁን አይሁን ከመቆፈራችን በፊት እንዴት እንደምናሰላ ነው።

ማንበብ የቻላችሁ፣ ላልቻሉት ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። በተለይ ሴቶች ባሉበት ይነበብ። እበት የሚዝቁት፣ ውሃ የሚቀዱት፣ ጭስ የሚያንገበግባቸው እነርሱ ናቸውና።

ጉድጓዱ እንደ ላም ሆድ ነው

ላም ሣር ትበላለች። በሆዷ ውስጥ በዓይን የማይታዩ እጅግ ጥቃቅን ሕያዋን አሉ። ሣሩን የሚያብላሉት እነርሱ ናቸው። ሲያብላሉት ጋዝ ይወጣል። ላሟ ስታገሳ ከአፏ የሚወጣው ይኸው ጋዝ ነው።

እነዚህ ጥቃቅን ሕያዋን ከእበቱም ጋር ይወጣሉ። እበቱን ከውሃ ጋር ቀላቅለን፣ አየር በማይገባበት ጉድጓድ ውስጥ ብንዘጋው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ጉድጓዱ እንደ ሁለተኛ የላም ሆድ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ የሚወጣው ጋዝ ባዮጋዝ ይባላል። ከግማሽ የሚበልጠው ሚቴን የተባለ የሚነድ ጋዝ ነው። ነበልባሉ ሰማያዊ ነው። ጭስ የለውም። ድስትም አያጠቁርም።

የባዮጋዝ ሥራ አራት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት።

1. መቀላቀያ ገንዳ፦ እበትና ውሃ እኩል ለእኩል የሚበጠበጥበት ነው።

2. ማብላያ ጉድጓድ፦ ከመሬት በታች በድንጋይ ወይም በጡብና በሲሚንቶ የሚሠራ ነው። ጣሪያው እንደ ተደፋ ቅል ክብ ነው፤ ጉልላት ይባላል። ጋዙ የሚጠራቀመው በጉልላቱ ሥር ነው።

3. መውጫ ገንዳ፦ ጋዙን ሰጥቶ የጨረሰው እበት የሚወጣበት ነው። የሚወጣው ቀጭን ጭቃ መሳይ ነገር ዝቃጭ ይባላል።

4. የጋዝ ቧንቧና ምድጃ፦ ጋዙን ከጉልላቱ ወደ ማዕድ ቤት ያደርሳሉ።

ጋዙን የሚገፋው ምንድን ነው? ሞተር የለም። ጋዝ በጉልላቱ ሥር ሲበዛ እበቱን ወደ መውጫ ገንዳው ይገፋዋል። የምድጃው ቧንቧ ሲከፈት ደግሞ በመውጫ ገንዳው ከፍ ብሎ የነበረው ዝቃጭ ወደ ታች ይመለሳል። ሲመለስም ጋዙን ወደ ምድጃው ይገፋዋል። ነገሩ ይኸው ነው።

ከመቆፈር በፊት ሦስት ነገር ቁጠሩ

አንደኛ፣ ከብት ቁጠሩ። አንድ የአገራችን ላም ወይም በሬ ሌሊቱን በበረት ሲያድር 5 ኪሎ ያህል እበት ይጥላል። ቀን በግጦሽ የሚጥለው አይቆጠርም፤ ማን ተከትሎ ይለቅመዋል? አራት ከብት ያለውን ቤት እንውሰድ።

4 ከብት × 5 ኪሎ = 20 ኪሎ እበት በቀን።

ከአንድ ኪሎ እበት፣ ሙቀት ባለበት ቦታ፣ 40 ሊትር ያህል ጋዝ ይገኛል።

20 ኪሎ × 40 ሊትር = 800 ሊትር ጋዝ በቀን።

አንድ የባዮጋዝ ምድጃ በሰዓት ከ300 እስከ 400 ሊትር ጋዝ ይበላል። 400 ይበላል ብለን እናስላ።

800 ÷ 400 = 2 ሰዓት።

አያችሁ! አራት ከብት በቀን የሁለት ሰዓት እሳት ይሰጣሉ። ይህ ወጥ ለመሥራት፣ ቡና ለማፍላትና ለሕፃን ገንፎ ለማገንፋት ይበቃል። ለዚህ ቤት የሚስማማው ትንሹ፣ ባለ 4 ሜትር ኩብ ማብላያ ነው። ባለ 6 ሜትር ኩብ የሚፈልግ ሰው በቀን 30 ኪሎ እበት፣ ማለትም በበረት የሚያድሩ ስድስት ከብቶች ያስፈልጉታል።

ሁለት ከብት ብቻ ያለው ቤትስ? ለጊዜው ባዮጋዝ ይቆይ። ለእርሱ በጓሮ ዛፍ መትከልና እንጨት ቆጣቢ ምድጃ ማበጀት ይሻለዋል። ይህ ውርደት አይደለም፤ ሂሳብ ነው።

ሁለተኛ፣ ውሃ ቁጠሩ። 20 ኪሎ እበት 20 ሊትር ውሃ ይጠይቃል። ይህ በየቀኑ አንድ ጀሪካን ነው። ምንጩ ከቤት በላይ ጥግ ላይ ከሆነ መልካም ነው። ከገደል ሥር ወርዶ፣ አንድ ሰዓት ተወጥቶ የሚመጣ ከሆነ ግን ቆም ብላችሁ አስቡ። ከሴቲቱ ጀርባ ላይ እንጨቱን አውርደን በምትኩ ጀሪካን ብንጭንባት ምን ጠቀምናት?

መላ ግን አለ። የበረቱን ወለል ድንጋይ አንጥፉበትና ወደ መቀላቀያ ገንዳው እንዲያዘነብል አድርጉት። የከብቱ ሽንት ተንቆርቁሮ ይገባል፤ የውሃውን ድርሻ በከፊል ይሸፍናል። ጋዝና ማዳበሪያም ይጨምራል። ቆርቆሮ ቤት ያለው ደግሞ የዝናብ ውሃ ያጠራቅም። የዕቃ እጣቢም ይሆናል። ሳሙና ያለበት ውሃ ግን አይግባ። ሳሙና ጥቃቅኑን ሕያዋን ይጎዳል።

ሦስተኛ፣ እጅ ቁጠሩ። ማብላያው እንደ ላም ነው። በየቀኑ ካልበላ አይታለብም። ጠዋት ጠዋት ማን ይዝቃል? ማን ይበጠብጣል? «ሚስቴ ታደርገዋለች» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ባልና ሚስት፣ ወንድ ልጅና ሴት ልጅ ሥራውን አስቀድመው ይከፋፈሉት።

ብርድ ጋዙን ያሳንሰዋል

አሁን ወደ ደጋው ዋና ችግር እንምጣ። ጥቃቅኑ ሕያዋን ሙቀት ይወዳሉ። 35 ዲግሪ፣ ማለትም ወደ ሰው ገላ የተጠጋ ሙቀት ሲያገኙ ይበረታሉ። ቅዝቃዜ ሲጨምር ይዘገያሉ። ሙቀቱ ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ሥራቸውን ለማቆም ይደርሳሉ። ስለዚህ በደጋ ያገኛችሁት ጋዝ ከላይ ካሰላነው 800 ሊትር ያንሳል። በውርጭ ወራት ደግሞ ይብሱን ያንሳል። ይህን አስቀድሞ ያልተነገረው ገበሬ ኋላ «ተታለልኩ» ይላል። እውነቱን ነው።

በተራራ የሚኖሩ የሌሎች አገር ገበሬዎችም ይህን ፈተና አይተውታል። በደቡብ አሜሪካ በቦሊቪያ ከፍተኛ ሜዳ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 4,000 ሜትር በሚጠጋ ቦታ፣ ገበሬዎች በፕላስቲክ ከረጢት የሚሠራ ማብላያ ተክለዋል። ዙሪያውን በወፍራም የጭቃ ጡብ አጠሩት። ከላይ ብርሃን በሚያስገባ ፕላስቲክ ሸፈኑት። ቀን የገባው የፀሐይ ሙቀት በግድግዳው ውስጥ ይቀመጥና ሌሊቱን ማብላያውን ያሞቀዋል።

እኛም የሚከተለውን እናድርግ፦

1. ማብላያውን ፀሐይ በሚያገኝ፣ ነፋስ በማይመታው ቦታ ቆፍሩ። የዛፍ ጥላ አይሁንበት።

2. ጉልላቱ በአፈር በደንብ ይሸፈን። በብርድ ወራት በላዩ ገለባ ወይም የሚብላላ ፍግ ይከመርበት። ፍግ ሲብላላ ይሞቃል።

3. እበቱ ትኩስ ሳለ ይግባ። ውሃው በፀሐይ ውሎ ይሙቅ። ከዚያም በእኩለ ቀን ይቀላቀል።

4. በብርድ ጊዜ ማብላያው እበቱን ለረጅም ቀን ይያዘው። በሞቃት አገር 40 ቀን የሚበቃው፣ በደጋ 60 ቀንና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ የማብላያውን ስፋት ባለሙያው የቦታውን ብርድ አይቶ ይወስን።

የኔፓል ገበሬዎች ምን አደረጉ?

ኔፓል በእስያ፣ በሂማላያ ተራሮች ሥር ያለች አገር ናት። መንገዷ ገደል፣ ማሳዋ እርከን ነው። እበት በቋንቋቸው «ጎበር» ይባላል። ባዮጋዙንም «የጎበር ጋዝ» ይሉታል።

እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1955፣ ሶቦል የተባሉ ቄስና መምህር በጎዳቫሪ ትምህርት ቤት ከዘይት በርሜል የመጀመሪያውን ማብላያ ሠሩ። በ1977 የጎበር ጋዝ ኩባንያ ተቋቋመ። ኩባንያው በኋላ ከመሬት በታች የሚቀበር ባለ ጉልላት ማብላያ ነደፈ። ስሙ «2047» ይባላል። ኔፓሎች እንደ እኛው የራሳቸው የዘመን አቆጣጠር አላቸው። የእነርሱ 2047 እንደ አውሮጳውያን 1990 ላይ ይውላል። በ1992 ደግሞ በኔዘርላንድ ሰዎች እርዳታ አገር አቀፍ የባዮጋዝ ፕሮግራም ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ በኔፓል ከ300,000 በላይ ማብላያዎች ተሠርተዋል።

ይህ የሆነው በገንዘብ ብቻ አይደለም። ሁሉም ሠሪ አንድ ዓይነት ንድፍ እንዲከተል ተደረገ። ሠሪው ለሥራው ዋስትና ይሰጣል። ከተሠራ በኋላም ተመልሶ ያያል። ለሩቅ ተራራ ነዋሪ ድጎማው ከሜዳው ነዋሪ ይበልጥ ነበር፤ ሲሚንቶ ማድረሱ ውድ ነውና። እንዲያም ሆኖ አብዛኞቹ ማብላያዎች ያሉት በሜዳውና በመካከለኛው ኮረብታ ነው። እጅግ በቀዘቀዘው ከፍታ ጥቂት ናቸው። እነርሱም ብርድን ገና አላሸነፉትም።

በአገራችንስ?

ባዮጋዝ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1950 ዓ.ም. በአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት ተሞክሯል። ከዚያ በኋላም በየቦታው ተሠራ። ነገር ግን ብዙዎቹ ሥራ አቆሙ። ምክንያቱ ምን ነበር? አንዱ ጋር ከብቱ ተሸጠ። ሌላው ጋር ውሃ ጠፋ። በሌላው ደግሞ ቧንቧ ሲበላሽ የሚጠግነው አልተገኘም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደሚባለው ሆነ።

በ2001 ዓ.ም. ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በኦሮሚያ፣ በአማራ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች ሥራ ጀመረ። የተመረጠው ንድፍ ከኔፓሉ 2047 ተወስዶ ለአገራችን የተስተካከለ ነው። ስሙም «ስንዱ» ይባላል። በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት 14,000 ለመሥራት ታቅዶ ከ8,000 በላይ ተሠሩ። እቅዱ አልሞላም፤ ግን በየወረዳው ግንበኞች ሠለጠኑ። ባዮጋዝ መሥራት የምትሹ፣ በወረዳችሁ የኢነርጂን ሥራ የሚመራውን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ስትጠይቁም ሦስት ነገር አትርሱ፦ ወጪው ስንት ነው? የድርሻችን ድንጋይ፣ አሸዋና ጉልበት ምን ያህል ነው? ሲበላሽስ ማን ይጠግንልናል? ሦስተኛው ጥያቄ ካልተመለሰላችሁ አትቸኩሉ።

እንጀራውስ?

ይህን የምትጠይቀው የቤት እመቤት ናት፤ ጥያቄዋም ትክክል ነው። የኔፓል ሰው ሩዝ ይቀቅላል፤ ድስት ትንሽ እሳት ይበቃዋል። የእኛ ምጣድ ግን ሰፊ ነው። ከዳር እስከ ዳር እኩል መሞቅ አለበት። የተለመደው የባዮጋዝ ምድጃ እንጀራ አይጋግርም። ለምጣድ የሚሆን የባዮጋዝ ምድጃ ተሠርቶ ተሞክሯል፤ ጋዝ ግን በብዛት ይፈልጋል። አራት ከብት ብቻ ላለው ደጋ ቤት አይበቃም።

ስለዚህ አንዋሽም። ባዮጋዝ ቢኖርም ለእንጀራ ጥቂት እንጨት ያስፈልጋል። በሲሚንቶ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ማገዶውን ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ ይቆጥባል። ባዮጋዝ ለወጥና ለቡና፣ ምርጥ ምድጃ ለእንጀራ፤ ሁለቱ ሲረዳዱ ኩበት መጠፍጠፍ ይቀራል። መብራትስ? የባዮጋዝ መብራት ጋዝ ይጨርሳል። ዛሬ በፀሐይ የሚሠራ ትንሽ መብራት ስለሚገኝ ጋዙን ለምድጃ ብትተዉት ይሻላል።

የጭስ መቀነስ ራሱ ትልቅ ጥቅም ነው። የቤት ውስጥ ጭስ ዓይን ያሳምማል፣ ሳንባ ይጎዳል። በእናቱ ጀርባ ሆኖ ጭስ የሚጠጣ ሕፃን ለሳንባ ምች ይጋለጣል።

አጀማመርና ጥንቃቄ

ማብላያው መጀመሪያ ሲሞላ ብዙ እበት ይፈልጋል። ለባለ 6 ሜትር ኩብ ሁለት ሺህ ኪሎ ያህል ነው። ስለዚህ ግንባታው ሲጀመር እበት ማጠራቀም ጀምሩ፤ እንዳይደርቅም ሸፍኑት። ከሞላ በኋላ ጋዝ እስኪወጣ በደጋ ሳምንታት ይፈጃል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያላችሁ ታገሡ። መጀመሪያ የሚወጣው ጋዝ ከአየር ጋር ስለተቀላቀለ አይለኮስም፤ ወደ ውጭ ይለቀቅ።

ደግሞም እነዚህን አትርሱ፦

- ቤቱ የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ ጋዝ እያፈሰሰ ነው። ክብሪት አትጫሩ። በርና መስኮት ክፈቱ፤ ዋናውን መዝጊያ ዝጉ።

- ቧንቧው የት እንደሚያፈስ ለማወቅ የሳሙና አረፋ ቀቡት። አረፋው ከተነፋ ቀዳዳው እዚያ ነው። በክብሪት መፈለግ ቤት ያቃጥላል።

- በቧንቧው ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል። በየጊዜው በማውጫው አፍስሱት፤ አለበለዚያ ነበልባሉ ይንቀጠቀጣል።

- ወደ ማብላያው ውስጥ ማንም አይግባ። ባዶ ቢመስልም ያለው ጋዝ ትንፋሽ አሳጥቶ ይገድላል። የወደቀውን ላውጣ ብሎ የገባም ይሞታል። ባለሙያ ይጠራ።

- የመግቢያውና የመውጫው ገንዳ ክዳን ይኑረው። ሕፃንና ጥጃ ይገባበታል።

ዝቃጩ የማሳው ድርሻ ነው

እበት ሲነድ ለሰብል ዋና ምግብ የሆነው ናይትሮጅን ከጭሱ ጋር ይጠፋል። በማብላያ ውስጥ ግን የሚወጣው ጋዙ ብቻ ነው፤ ናይትሮጅኑ በዝቃጩ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ዝቃጩን አትድፉት። ጋዙን ብቻ ወስዶ ዝቃጩን ወደ ጅረት የሚለቅ ሰው ወተቱን ጠጥቶ ቅቤውን እንደ ጣለ ነው።

ከመውጫ ገንዳው አጠገብ ሁለት የኮምፖስት ጉድጓድ ቆፍሩ። ገለባ፣ ቅጠልና የበረት ጥራጊ እየጨመራችሁ ዝቃጩ ይፍሰስበት። ፀሐይና ዝናብ እንዳይጎዳው ዳስ ይሠራለት። አንዱ ሲሞላ ሌላውን ጀምሩ። ሲብላላ ለገብሱ፣ ለድንቹና ለጎመኑ አውጡት። ሽንት ቤት ከማብላያው ጋር የተገናኘ ከሆነ ግን ጥሬውን በሚበላ አትክልት ላይ አታፍስሱት፤ የነካም እጁን በሳሙና ይታጠብ።

እንግዲህ ክርክሩን እናንተ ፍረዱ። ከብታችሁን፣ ውሃችሁንና እጃችሁን ቁጠሩ። ሂሳቡ ከሞላ ማሳና ምድጃ ይታረቃሉ። ካልሞላ እስኪሞላ ዛፍ ትከሉ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቤታችሁ ስንት ከብት በበረት ያድራል? በቀን ስንት ኪሎ እበት ይገኛል? አስሉ።

2. አንድ ቤት ስድስት ከብት አለው። በቀን ስንት ሊትር ውሃ ይፈልጋል? ስንት ጀሪካን ነው? ማን ያመጣዋል?

3. በቀበሌያችን የቆመ ማብላያ አለ? ለምን ቆመ? ምን ቢደረግ ይነሣል?

4. በአካባቢያችን ፀሐይ የሚያገኝና ከነፋስ የተጠለለ ቦታ የት ነው?

አዲስ ቃላት

ባዮጋዝ — ከሚብላላ እበት የሚወጣ፣ የሚነድ ጋዝ።
ማብላያ — እበት አየር ሳያገኝ የሚብላላበት ጉድጓድ።
ዝቃጭ — ጋዙን ሰጥቶ የሚወጣ፣ ለማዳበሪያ የሚሆን እበት።
ሜትር ኩብ — ርዝመቱ፣ ወርዱና ቁመቱ አንድ አንድ ሜትር የሆነ ስፋት፤ 1,000 ሊትር ይይዛል።